ያልተሰበረው እሸት

«ታንኩን በትከሻው ገፋው?» አለች ዘይቱና፣ መኮትኮቻዋን መሬት ላይ ተክላ።

«በትከሻው ብቻ መሰለሽ እማ! በአንድ እጁ ሻይ ይዞ ነበር አሉ። ታንኩ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ፣ የሻለቃው ጦር ሙሉ ቢጎትተው ንቅንቅ አልል አለ። ሐሚድ መጣና ‹እስቲ ዞር በሉ› አላቸው። ገፋው። ከሻዩ ጠብ ያለ ነገር የለም።»

ዘይቱና የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ሳቋ በበቆሎው መሃል እየሮጠ እስከ መስኖው ቦይ ደረሰ። ማማው ላይ ወንጭፉን ታቅፎ የተቀመጠው ልጇ አብዱልሃዲ፣ ያን ሳቅ ደግሞ ለመስማት ሌላ ሁለት ታንክ ለማስገፋት ዝግጁ ነበር።

«ማነው ደግሞ ይሄን የነገረህ?»

«አንድ የመቶ አለቃ። ትላንት ከወታደሮቹ ኮንቮይ ወርዶ ፓፓያ ሲገዛ አገኘሁት።»

የመቶ አለቃው ፓፓያ ገዝቷል፤ ይሄ እውነት ነው። ስለ ሐሚድ ሲጠየቅ ግን «ልጄ፣ እዚያ ስንት ሐሚድ አለ መሰለህ» ብሎ የፓፓያውን ዘር ተፍቶ ነው የሄደው። ታንኩንም፣ ጭቃውንም፣ ሻዩንም አብዱልሃዲ ከአስፋልቱ እስከ ማሳው ሲመጣ መንገድ ላይ ነው የሠራቸው።

አሥራ አራት ዓመቱ ነው። በሸዋ ሮቢት ምድር ወሬ በማሳመር የሚስተካከለው የለም። የሮቢት ዶሮ በሚያዝያ ሙቀት የምትጥለው የተቀቀለ እንቁላል እንደሆነ፣ ጨው ብቻ እንደሚጎድለው ለአንድ የአዲስ አበባ ሾፌር ነግሮት፣ ሰውየው ዶሮዋን ልግዛ ብሎ መንደር ለመንደር ሲዞር ውሏል። ሰው ያውቀዋል። «ሃዲ ከነገረህ ግማሹን ጣልና ሌላውን ግማሽ ደግሞ አትመነው» ይላሉ። እናቱ ግን ግማሹንም አትጥልም።

ሐሚድ ታላቅ ወንድሙ ነው። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ማሳውን የሚያርሰው እሱ ነበር። ይሄን በቆሎ ዘርቶ በማግስቱ ማረሻ ሊያስመታ ገበያ ወጣ፤ ገበያው በወታደር ተከበበ፤ ጎረምሳ የተባለ ሁሉ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ መኪና ላይ ተጫነ። ማረሻውን ብረት ቀጥቃጩ ራሱ ይዞት መጣ። ስሎ ጨርሶት ነበር።

በእነ አብዱልሃዲ ቤት አባትየው የተከለው አንድ ደንብ አለ፦ የዘራ እጅ ሳይቀምስ ማንም እሸት አይሰብርም። የዘራው ሰው የመጀመሪያዋን ይሰብራል፣ ይጠብሳል፣ አንዴ ይገምጥና ለእናት ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ማሳው ለሁሉም ነው፤ መንገደኛም ቢሆን እጁን ቢሰድ «ብላ» ነው የሚባለው። ከዚያ በፊት ግን ጦጣ ካልሆነ በቀር የሚደፍር የለም። ለጦጣው ደግሞ ወንጭፍ አለ።

ያን ሰሞን በቆሎው ጸጉር ማውጣት ጀምሮ ነበር።

---

በማግስቱ የእርሻ አስተማሪው ቲቸር ተክሌ አንድ የደረቀ በቆሎ ይዘው ክፍል ገቡ። በቆሎው ፍሬው የወላለቀ፣ እዚህ ሁለት እዚያ ሦስት የቀረው ነበር።

«ይሄ ምን የሆነ ይመስላችኋል?»

«ጦጣ በልቶት!» አለ አንዱ።

«ዓይን በልቶት» አለች ሐምዲያ ከፊት።

«ፍሬዎቹ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሰው ነው» አለ አብዱልሃዲ።

ክፍሉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን እንደ ጀመረ በአንዴ ተቆረጠ። ቲቸር ተክሌ ወደ መስኮቱ ዞረው ውጪውን አዩ። በዚያ መስኮት ስር የሚያልፈው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ማንም አለመኖሩን ካዩ በኋላ ወደ አብዱልሃዲ ተመለሱ፤ አልተቆጡም። አብዱልሃዲም ቀልዱን የተናገረው እሱ ሆኖ ሳለ አንገቱን ደፋ።

«ስሙ» አሉ መምህሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የበቆሎ ጸጉር ለጌጥ የወጣ እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዷ ጸጉር ከአንዲት ፍሬ ጋር የተያያዘች ናት። ከአገዳው አናት ካለው አበባ ብናኝ ይወርዳል። ብናኙ ጸጉሯ ጫፍ ላይ ካረፈ፣ በጸጉሯ ውስጥ ቁልቁል ወርዶ ፍሬዋን ያገኛታል። ፍሬዋ መጀመሪያ ውሃ ትሆናለች፤ ከዚያ ወተት፤ ከዚያ ሊጥ፤ በመጨረሻ ድንጋይ። ብናኝ ያልደረሳት ጸጉር ግን... ይኸው። ቦታዋ ባዶ ይቀራል።»

በጣታቸው ከባዶዎቹ ቦታዎች አንዱን ነኩት። ቀጥለውም ስለ በቆሎ አያት አነሱ። በሩቅ አገር፣ ሜክሲኮ በሚባል፣ የሚበቅል ሣር አለ አሉ። ፍሬ የሚይዘው ራሱ ከሕፃን ጣት አይበልጥም፤ የያዘው ጥቂት ፍሬ ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬ እንደ ጠጠር በጠነከረ ቅርፊት የተዘጋ፣ ቢነክሱት ጥርስ የሚሰብር። ዛሬ የምናውቀው በቆሎ ከዚያ ሣር ነው የመጣው።

«ኧረ ቲቸር፣ ቀደዱት!» አለ አንዱ ከኋላ።

አብዱልሃዲ ቅናት ያዘው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሱ የሚበልጥ ቀደዳ ሰማ፤ ይባስ ብሎ እውነት ነው ተባለ።

«ያ ሣር ሲበስል ፍሬውን ራሱ ያራግፋል» ቀጠሉ ቲቸር ተክሌ። «ሰው አይፈልግም። የልጅ ልጁ በቆሎ ግን ሰው ለብዙ ሺህ ዘመን ትልልቁን እየመረጠ፣ ቅርፊቱ የሳሳውን እየዘራ፣ አሳድጎ አሳድጎ ራሱን መዝራት አስረሳው። እዩት፣ ፍሬው አጥንቱን ሙጭጭ ብሎ እንደያዘ። እጅ ካልደረሰለት እንዳለ መሬት ይወድቃል፤ ፍሬው ሁሉ ባንዴ ይበቅልና እርስ በርሱ ተናንቆ ይሞታል።»

ሐምዲያ እጇን አወጣች። «ታዲያ የልጅ ልጁ ከአያቱ ተሻለ ወይስ ባሰበት?»

ቲቸር ተክሌ በቆሎውን በእጃቸው አገላበጡ። «አጠገቡ ሰው ካለ ተሻለ» አሉ።

---

ከደሴ የሚመጡት አውቶቡሶች ሸዋ ሮቢት ለምሳ ይቆማሉ። አብዱልሃዲ ከትምህርት ቤት እንደወጣ በቀጥታ ወደዚያ ነው። ወታደር የመሰለውን ሁሉ እየተከተለ «ሐሚድ ሰይድን ያውቁታል? ረጅም፣ ፍንጭት» ይላል። ብዙዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዳንዶቹ ያልፉታል።

በቆሎው ወተት በያዘበት ሳምንት አንድ በክራንች የሚሄድ ወጣት ከአውቶቡስ ወረደ። የሱሪው አንዱ እግር ከጉልበት በታች ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ምግብ ቤት አልገባም፤ በአውቶቡሱ ጥላ ስር ቆሞ ቀረ። አብዱልሃዲ አፉን ሲከፍት ሰውየው ፊቱን፣ ከዚያም ጥርሱን አየው።

«የሐሚድ ወንድም ነህ።»

«ያውቁታል?» አብዱልሃዲ በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረውም። «ወላሂ ያውቁታል?»

«በፍንጭትህ ነው የለየሁህ። ቃሲም እባላለሁ፤ የአሊዩ አምባ ልጅ ነኝ። ለገበያ እዚህ መጥቼ ነው አብረን የታፈስነው። አብረን ሠለጠንን፣ አብረን ወደ ሰሜን ወጣን።» ክራንቹን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ። «ስለ አንተ ብዙ ነግሮኛል። ዶሮዋንም፣ የተቀቀለውን እንቁላልም።»

«ደኅና ነው?»

ቃሲም ዓይኑን ወደ ታጠፈው ሱሪው አወረደ።

«አይደለም። አልፏል። አጠገቡ ነበርኩ። ውሃ ጠምቶት ነበር፤ ውሃ አልነበረንም።»

በምግብ ቤቱ በር አንዲት ሴት ሳህን እያጠበች ትዘፍናለች። አብዱልሃዲ ሳህኖቹን ተመለከተ።

«በየቀኑ ስለ በቆሎው ነበር የሚያወራው» አለ ቃሲም። «‹ዛሬ ጉልበት ደርሷል› ይለኛል። ‹አሁን ሊያብብ ነው› ይላል። የት ሆኖ እንደሚያየው እንጃ። ‹እኔ ሳልደርስ አይሰብሩትም› እያለ ይስቅ ነበር።»

ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ሰው ወደ አውቶቡሱ መግባት ጀመረ።

«እናትህ ዘንድ መምጣት ነበረብኝ። በምን ዓይኔ አያታለሁ? እኔ ተመልሼ እሱ...» አልጨረሰውም። «አንተ ግን እንዳትነግራት። መርዶ የልጅ ሥራ አይደለም። ለትልቅ ሰው ንገር፤ እነሱ በወጉ ያረዷታል። ዱዓም ይደረግለት። እዚያ ማንም አልሰገደበትም።»

በአውቶቡሱ በር ሰው ደግፎ አሳፈረው። አውቶቡሱ ሄደ።

---

አብዱልሃዲ ወደ አጎቱ ወደ አብዱረሂም ቤት ለመሄድ ነበር የተነሳው። መንገዱ ግን በማሳው ያልፋል። ዘይቱና ቦይ እየጠረገች ነበርና ከሩቅ አየችው።

«ሃዲ! ዛሬስ ምን ሰማህ?»

ከመጠየቋ በፊት ፈገግ ብላለች። ሁልጊዜም እንደዚያው ናት፤ ወሬው ሳይጀመር ፊቷ ይቀድማል። አብዱልሃዲ ያን ፊት አየ፤ አፉ ራሱን ከፈተ።

«ይመጣል» አለ።

«ማን?»

«ሐሚድ። ለበቆሎው ይመጣል። ጄኔራሉ ራሱ ፈቃድ ሊሰጠው ወላሂ ብሎ ምሏል።»

ከወሬዎቹ ሁሉ ደረቁ ይሄ ነበር፤ ታንክ የለው፣ ሻይ የለው። እናቱ ግን አልሳቀችም። መኮትኮቻዋ ላይ ተደግፋ አለቀሰች፤ በደስታ። አብዱልሃዲም አብሯት አለቀሰ፤ እሷም የደስታ መሰላት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘይቱና ሌላ ሴት ሆነች። ግቢውን በየጠዋቱ ትጠርጋለች። የሐሚድን ሽርጥ ከሳጥን አውጥታ አጥባ አሰጣች፤ ደረቀ፤ አጥፋ አስቀመጠች፤ አቧራ ነካው ብላ እንደገና አጠበችው። የጎረቤት ማሳ እሸቱ ተሰብሮ ጥብሱ መንደሩን ሲያውደው እነሱ ዘንድ አንዲት ቅጠል አልተነካችም። ቤት ውስጥ እህል አልቋል። ማታ ማታ ጎመን ይቀቅላሉ። ታናሽ እህቱ ሳፊያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የጎመኑን ውሃ ጠጥታ የማሳውን አቅጣጫ እያየች ትተኛለች።

አጎቱ አብዱረሂም ምርኩዙን ይዞ መጣ። «ዘይቱና፣ እሸቱ እያለፈ ነው። ልጆቹ ይብሉ እንጂ።»

«የዘራው እየመጣ አይደል እንዴ! ጄኔራሉ በወላሂ ምሏል።»

አብዱረሂም ወደ አብዱልሃዲ ዞረ። «ጄኔራሉ በወላሂ ይምላል?»

«ከሐሚድ የለመደው ነው» አለ አብዱልሃዲ መሬት መሬት እያየ።

ሽማግሌው ምርኩዙን መሬት ላይ ተክሎ አየው። ያኔ አብዱልሃዲ መናገር ይችል ነበር። አልተናገረም። እያንዳንዱ ቀን ሲያልፍ ደግሞ ከትላንቱ ይልቅ ከባድ ሆነ፤ አሁን መናገር ማለት ሐሚድን ብቻ ሳይሆን የተጠረገውን ግቢ፣ የታጠበውን ሽርጥ፣ የእናቱን ያን ሁሉ ደስታ አንድ ላይ መቅበር ነበር።

በቆሎው አልጠበቀም። ወተቱ ሊጥ ሆነ። ሊጡ ጠነከረ። ጸጉሩ ጠቁሮ ተሰባበረ፤ የለበሰው ቅጠል እንደ አሮጌ ወረቀት ተንኮሻኮሸ።

አንድ ከሰዓት አብዱልሃዲ ከማማው ሲወርድ ጩኸት ሰማ። ሳፊያ አገዳ መሃል ተደብቃ አንድ በቆሎ ሰብራ ኖሯል። የጠነከረውን ፍሬ በጥርሷ እየቆረጠመች ሳለ ነው እናቷ የደረሰችባት። ዘይቱና ልጅ መታ አታውቅም። ያን ቀን መታች። ሳፊያ ጉንጯን ይዛ፣ በአፏ የቀረውን ሳትተፋ፣ ሳትውጥም፣ ደርቃ ቆመች።

ዘይቱና ግን ልጅቱን አላየቻትም። የተሰበረውን በቆሎ አነሳች፤ ከአገዳው ላይ ቦታውን ፈለገች፤ ከሻርፗ ጫፍ ክር መዘዘችና በቆሎውን መልሳ አሰረችው። አጥብቃ አሰረች፤ ቅጠሉን መልሳ አለበሰችው፤ አንድም ያልጎደለ እንዲመስል በመዳፏ ዳበሰችው።

«ሲመጣ አያውቅም» አለች ለራሷ። «አይታወቅም። አይደል ሃዲ?»

አብዱልሃዲ «አይታወቅም» ለማለት ፈለገ። ግን ሳፊያን እጇን ይዞ ወደ ቤት ወሰዳት።

---

በዚያው ሰሞን ያልታሰበ ዝናብ ጣለ፤ ሳምንት ሙሉ አላቋረጠም። ውሃው ከጣርማበር ተራራ በኩል ሲወርድ ሰማዩ የተቀደደ ነበር የሚመስለው። ሲያባራ አብዱልሃዲ ማሳውን ሊያይ ሄደ። ብዙው አገዳ ተኝቷል። አንዱን የወደቀ በቆሎ አንስቶ ቅጠሉን ገለጠ።

ውስጡ በቅሏል። እያንዳንዱ ፍሬ ሌላውን ሳይጠብቅ ሥር ሰድዷል፤ ነጫጭ ሥሮቹ መሬት አጥተው አንዱ በሌላው አንገት ተጠምጥመዋል፤ ቡቃያዎቹ ቅጠሉ ውስጥ ብርሃን አጥተው እንደ ታመመ ሰው ገርጥተዋል። አንዷን ሊያድን በጣቱ ያዛት። ተበጠሰች። ሌላዋን ሞከረ። ተበጠሰች።

ጭቃው ላይ ተቀመጠና የያዘውን ሁሉ ለቀቀው፤ አለቀሰ፣ ማንም ሳያየው፣ ምንም ሳያሳምር። ከዚያ ፊቱን በቦዩ ውሃ ታጥቦ ወደ አጎቱ ቤት ሄደ።

አብዱረሂም ከሰዓት በኋላ ከአስር ሶላት ተመልሶ ደጁ ላይ ጫማውን እያወለቀ ነበር።

«አጎቴ፣ ሐሚድ ሞቷል።»

ሽማግሌው ምርኩዙን አነሳ። «አስተግፊሩላህ! በወንድምህ ነፍስ ትቀልዳለህ? አንተ ልጅ፣ ምላስህ መጨረሻ የለውም?»

«ቃሲም የሚባል የአሊዩ አምባ ልጅ ነገረኝ። አብሮት ነበር። ውሃ ጠምቶት ነበር። ውሃ አልነበረም።»

አብዱረሂም ምርኩዙን አንስቶ እንደያዘ ቀጣዩን ጠበቀ። የዚህ ልጅ ወሬ ቀጣይ አለው፤ አንበሳ ይመጣበታል፣ ተራራ ይናድበታል።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የለም።»

ምርኩዙ ቀስ እያለ ወረደ።

«ያንተ ወሬ እንዲህ አጥሮ አያውቅም» አለ አብዱረሂም። ደጁ ላይ ባለው ድንጋይ ተቀመጠ፤ አንድ እግሩ ጫማ፣ አንድ እግሩ ባዶ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።» ከዚያ «መቼ ነው የሰማኸው?» አለ።

«በቆሎው ወተት የያዘ ጊዜ።»

ሽማግሌው ወደ ማሳው አቅጣጫ ተመለከተ። ሊቆጣ ይሆናል ብሎ አብዱልሃዲ ትከሻውን ሰበሰበ። ቁጣ አልመጣም።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ለብቻህ ነው የተሸከምከው» አለ። «ዛሬ እዚህ እደር። ሱብሂን ሰግደን ነው የምንሄደው፤ መርዶ በማለዳ ነው። አንተ እኛ እስክንመለስ እዚሁ ትቆያለህ። ልጅ መርዶ ላይ አይቆምም።»

---

ጎህ ሲቀድ ሰዎቹ ከመስጊድ ወጡ። ጋቢያቸውን አፋቸው ድረስ ተከናንበው፣ ሳይነጋገሩ፣ በጭቃው መንገድ ተደርድረው ሄዱ። አብዱልሃዲ ከአጎቱ ቤት ደጅ ቆሞ ጀርባቸውን አየ። ትንሽ ሲርቁ ተከተላቸው። አንዱ ዞር ብሎ በእጁ «ተመለስ» አለው። እሱ ግን አልተመለሰም፤ አብዱረሂምም አይቶት መንገዱን ቀጠለ።

ዘይቱና ውሃ ልትቀዳ እንስራዋን ይዛ በሩን ስትከፍት ሰዎቹ ግቢው ውስጥ ቆመው ነበር። አንዱን አየች። ቀጥሎ ያለውን አየች። ሁሉም መሬት ያያሉ። ፊቷ መለወጥ ሲጀምር ከኋላ የቆመውን አብዱልሃዲን አገኘችው፤ ያን ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ። እሱ ካለ ወሬ አለ። ከንፈሯ፣ እንደ ልማዷ፣ ሊቀድመው ተንቀሳቀሰ።

«ሃዲ፣ ምን ሆነው ነው? ምን ይላሉ?»

አብዱልሃዲ ከወንዶቹ መሃል ወጣ። ጭቃውን ግቢ አቋርጦ የበሩ ደፍ ላይ ወጣና ከእሷ ጎን፣ ፊቱን ወደ ሰዎቹ አድርጎ ቆመ። እንስራውን ከእጇ ተቀብሎ መሬት አስቀመጠው። ከዚያ ክንዷን ያዘ፤ አጥብቆ።

«አጎቴ ይንገርሽ፣ እማ» አላት። «እኔ እዚሁ ነኝ።»